አራት አልጋና አንድ ቃሬዛ

የካቲት 10

...የተሳቢው አረንጓዴ ቀለም ሲፋቅ ከሥሩ ሌላ አረንጓዴ። ከእሱም ሥር ነጭ ቁጥር። ጋሽ ረድዋን ቁጥሩን በአውራ ጣታቸው እያሹ ምን ነበር ያሉት? “ስንት ወታደር ጭኖ ይሆን።” አዎ። ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን ነው ቀኑን ሙሉ ሳስብ የዋልኩት።

ሌላው እንደ ማንኛውም ቀን። ሙቀት። የሳል ሽሮፕ፣ የወባ ኪኒን። ለታመመች ፍየሉ መድኃኒት ሊገዛ የመጣ አንድ ሰው።

ተሳቢውን ከጀውሃ ጎትቼ ካመጣሁት ሳምንት ሆነ። ድሮ ከጦር ሠራዊቱ በጨረታ የወጣ፣ ወፍጮ ቤት ውሃ ሲያመላልስ ያረጀ። ሁለት ከፍ ያሉ ጎማዎች፣ የብረት ሣጥን። ጣሪያና መስኮት ላወጣለት ነው ያሰብኩት። አራት አልጋ፣ ታጣፊ ጠረጴዛ። በፒክአፔ እየጎተትኩ ባለቤቴን እጅጋየሁንና ልጆቹን ከዚህ ሙቀት ላወጣቸው። ከደብረ ሲና በላይ፣ ጫካው ጥግ እንድናድር። ስልኬ ላይ ያየሁት ነገር ነው። ቤታቸውን ጎትተው የሚሄዱ ሰዎች...

ጋሽ ረድዋን ጎረቤቴ ናቸው፣ በያጅ። “ምን ልታደርገው ነው?” አሉኝ። ከልጆቼ ጋር ለመዝናናት። መልሱ ሦስት ቃል ነው። እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ዘይቱና ግን ጦርነቱን ሸሽተው በወጡበት ዓመት አራት ወር ሜዳ ላይ፣ ላስቲክ ሥር ነው ያደሩት። ለእነዚህ ሰዎች፣ ደስ ስለሚል ሜዳ ላይ ላድር ነው ይባላል?

ራሳቸው መለሱት። “ለበሽተኛ ነዋ፣ ዶክተር?”

ራሴን ነቀነቅኩ? ወይስ ዝም ብቻ ነው ያልኩት?

ነቀነቅኩ።

የካቲት 11

ዶክተር አይደለሁም። ፋርማሲስት ነኝ። ከጤና ጣቢያ ለቅቄ መድኃኒት ቤቱን ስከፍት ዶክተር የሚሉኝን አርም ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ። ከዚያ ተውኩት።

የካቲት 21

ጋሽ ረድዋን ለሥራው ምንም አልቀበልም አሉ። የሚፈልጉት ዝገቱን እንድፍቅላቸው ብቻ ነው። ስፍቅ ቆመው አዩኝና፣ “ጠንከር አድርገህ ፋቅ እንጂ፣ ሙሽራ የምታበጥር ነው የምትመስለው” አሉ። መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ዛሬ መናገር ይቻል ነበር። በሳቁ መሀል።

የካቲት 28

ረመዳን ነው። ውሃ ያልቀመሱ ሰው በዚህ ሐሩር እሳት ላይ ጎንበስ ብለው ይውላሉ። ይቆይ ብላቸው፣ “በሽተኛ ጾም እስኪፈታ ይጠብቃል?” አሉ።

ሦስተኛውን አልጋ ሲበይዱ መነጽራቸውን አነሱ። “አራት ምን ያደርጋል?”

“አስታማሚም አለ።”

እንዴት ቶሎ መጣልኝ። አላሰብኩትም እኮ። ትንሽ አዩኝና መነጽሩን መለሱ።

እትዬ ዘይቱና የመጋረጃ ጨርቅ ላኩ። የታመመች ሴት ለመንገደኛ እንዳትታይ ብለው።

መጋቢት 8

ቃሬዛ መጣ።

የጋሽ ረድዋን ልጅ ያስሚን ከወንዙ ማዶ፣ ቀወት ገጠር ነው ያገባችው። መንደሩ የቃሬዛ እድር አለው። በሽተኛ ሲኖር ወንዶቹ በየተራ ተሸክመው እስከ አስፋልቱ ያደርሳሉ። ተራው ደርሶት የቀረ ይቀጣል። አሁን ተሰብስበው ተመካከሩ አሉ። የዶክተሩ ተሳቢ ጎማው ከፍ ያለ ነው፣ ወንዙን ተሻግሮ እስከ ደጃችን ከመጣ ቃሬዛው እኛ ዘንድ ምን ይሠራል? በዚያው ላይ ይሁን፣ በሽተኛ ሁለቴ እንዳይነሣ። መርቀው በጋሽ ረድዋን እጅ ላኩት።

ጋሽ ረድዋን ከታችኛው አልጋ ሥር ሐዲድ አበጁለት። ሳብ ሲያደርጉት ይወጣል፣ ሲገፉት ይገባል። ጠፍሩ አዲስ ነው። እንጨቱ ግን ትከሻ የነካው ቦታ ሁሉ ለስልሶ ያብረቀርቃል... ስንት ትከሻ?

ውሰዱት ማለት ነበረብኝ። “እግዜር ይስጥልኝ” አልኩ።

መጋቢት 9

እጅጋየሁ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ ተሳቢው ገባች። ቆየች።

“ይሄን ደግሞ ተቀበልክ?”

“ምን ልበላቸው?”

“እሱን እኔን ትጠይቀኛለህ?”

ማታ ራት ላይ አላነጋገረችኝም። ልጆቹን አነጋገረች።

መጋቢት 22

ኢድ። ጋሽ ረድዋን ቤት ተጠርተን ሄድን። እንደ ልማዳቸው ለእኛ ለጾመኞቹ ለብቻ የተሠራ ወጥ ቀረበ። ያስሚን በስልክ ድምፅዋ ተሰማ፣ እየሳቀች። የመጀመሪያ ልጅዋ ነው። እናቷ ዘንድ መጥታ ነው የምትወልደው።

“ፋሲካችሁ ይለፍና አንተ ታመጣልኛለህ” አሉኝ ጋሽ ረድዋን። “በባጃጅ ተንገጫግጫ እንዳትመጣብኝ።”

እሺ አልኩ። ሚያዝያ 20 ሰኞ ልንሄድ ተቀጣጠርን። ቀኗን አስልቼላቸዋለሁ። ከዚያም በኋላ ሁለት ሳምንት ይቀራታል።

እጅጋየሁ እንጀራ እየቆረሰች እጄን ታይ ነበር። ምን አየች?

ሚያዝያ 13

አልቋል። ነጭ ቀለም። ጸደንያ አሥር ዓመቷ ነው፣ መስኮት ያለውን አልጋ ያዘች። ወንድሟ ያብስራ ቃሬዛውን አስወጥቶ “የኔ ይሄ ነው” አለ።

ሚያዝያ 17

መንገዱ ሰላም ነው ይላሉ። ነገ ቅዳሜ ጠዋት ወጥተን እሑድ እንመለሳለን። ሰኞ ያስሚንን አመጣለሁ። ማን ይጎዳል? ለአንድ ቀን...

“እንግዲያው ቃሬዛውን አውርደህ ሂድ” አለች እጅጋየሁ።

አውርጄ የት? ጋሽ ረድዋን ደጅ ላስቀምጠው? ለምን ቢሉኝስ?

አላወረድኩትም። የተሳቢውን መብራት ደብረ ሲና ላሠራ ነው አልኳቸው። በቀጥታ ስዋሽ ይሄ ሁለተኛዬ ነው። ወይስ ሦስተኛዬ?

ሚያዝያ 18

ጫካ። ብርድ። ልጆቹ ከአፋቸው ጭስ ሲወጣ አይተው አያውቁም። እየተነፈሱ ይሳሳቃሉ። ጸደንያ ዛፉን አቅፋ አልለቅም አለች። እጅጋየሁ ጋቢዋን ተከናንባ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቆየችና፣ እኔን ሳታይ፣ “ደስ ይላል” አለች።

ዝናብ መጣ። ጣሪያው አያፈስም። ያብስራ ቃሬዛው ላይ ተኝቷል።

ስልክ እዚህ አይሠራም። ደስ አለኝ።

ሚያዝያ 19

ደብረ ሲና ስንደርስ ስልኩ ነቃ። አሥራ አንድ ጊዜ ተደውሏል። ሁሉም ጋሽ ረድዋን። ሁሉም ትናንት፣ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ።

መልሼ ደወልኩ። አይነሣም።

ወደ ሰፈር ስንገባ የልጆቹ ፎጣ መስኮቱ ላይ ተሰጥቷል። ማንሣት ረሳን። ሰዎች በር ላይ ቆመው ነበር። ሰላምታ ሰጡኝ።

ሚያዝያ 20

ከመድኃኒት ቤቱ ደንበኞች ነው የሰማሁት። እነሱ የማውቅ መስሏቸው ነው።

ያስሚንን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ምጥ ያዛት። ከላይ በዘነበው ወንዙ ሞላ፣ ባጃጅ ከማዶ ቀረ። ወንዶቹ ተጠርተው ወጡ... ቃሬዛ የለም። የዶክተሩ መኪና እየመጣ ነው ተባለ። ጠበቁ። ሁለት ሰዓት ጠበቁኝ። ከዚያ አልጋ በገመድ አስረው ተሸከሙ። ውሃው ደረታቸው ድረስ ነበር አሉ። አልጋው አንዴ ያዘነበለው ወንዙ መሀል ነው። ጠርዙን ጨብጣ ተረፈች።

ጤና ጣቢያ በር ላይ ወለደች። ሴት። ሕፃኗ ደህና ናት። ያስሚን ብዙ ደም ፈሷታል።

ዛሬ ነበር ላመጣት የተቀጣጠርነው።

ሚያዝያ 21

ጋሽ ረድዋን በመድኃኒት ቤቱ በኩል አለፉ። “እንዴት አደርክ” አሉ። እንደ ድሮው።

ሚያዝያ 23

ያስሚንን ከሐኪም ቤት ወደ እናቷ ቤት አመጧት። በባጃጅ።

የታዘዘላት የደም ማነስ መድኃኒት ከእኔ ተገዛ። አማቿ መጡ። መቼ መቼ እንደምትወስደው ነገርኳቸው። “ዕድሜ ይስጥህ ዶክተር” አሉ።

ዶክተር አይደለሁም አልኩ።

ምን? አሉ። ደገምኩት። ግራ ገብቷቸው ሄዱ። ቀላል ነበር እኮ... ይህን ያህል ዓመት።

ሚያዝያ 25

ቃሬዛውን ከሐዲዱ አወጣሁት። ፒክአፑ ላይ ጭኜ ወንዙ ድረስ፣ ከዚያ በትከሻዬ። አንድ ሽማግሌ እንጨቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩ፣ የተሰበረ እንዳለ። “ሌላ በሽተኛ ዘንድ ነበር አይደል?” አሉ። አይደለም አልኩ። የሆነውን በሙሉ ነገርኳቸው። ለመዝናናት የሚለውን ቃል ስናገር ድምፄ ቀነሰ። ሽማግሌው የሰሙ አይመስሉም። ወይም ሰምተዋል። የኔን ጫማ ነበር የሚያዩት፣ ጭቃውን። ሌላ ሰው ጠርተው ቃሬዛውን አስገቡ።

እጅጋየሁ ጫማዬን ስታይ የት እንደነበርኩ አልጠየቀችም። ውሃ አቀረበችልኝ።

ሚያዝያ 26

ጋሽ ረድዋን ቤት ሄድኩ። ለብቻዬ። ሳሎኑ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ያስሚን ውስጠኛው ክፍል ተኝታለች፣ እናቷ አጠገቧ ናቸው። እስካሁን ቀና ብላ መቀመጥ አልቻለችም አሉኝ። ተቀመጥ አሉኝ። ቆሜ ነገርኳቸው።

“ተሳቢው ለበሽተኛ አልነበረም፣ ጋሽ ረድዋን። ከመጀመሪያውም። ከልጆቼ ጋር ልዝናናበት ነው የገዛሁት። ቅዳሜም እሱ ላይ ነበርን።”

ቀና ብለው አላዩኝም። እጃቸውን አዩ። ብየዳው ያቃጠለው ጥቁር ነጠብጣብ ሞልቶታል።

“እጅጋየሁ ነግራኛለች” አሉ።

“መቼ?”

“ቃሬዛውን ሳላመጣው በፊት።”

ከመጋቢት ጀምሮ... ሐዲዱን ሲያበጁ፣ በኢድ ቀን፣ ታመጣልኛለህ ሲሉኝ። ሁሉንም እያወቁ።

“ታዲያ ለምን አመጡት?”

“ስታየው አፍረህ እውነት ታደርገዋለህ ብዬ።”

ከውስጥ ሕፃኗ አለቀሰች። እትዬ ዘይቱና ጠሯቸው። ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡ። በአጠገቤ ሲያልፉ ፊታቸውን አየሁት። የማውቀው ፊት ነው፣ እያወቀ ያልተናገረ ሰው ፊት፣ እኔ ጠዋት ጠዋት መስታወት ላይ የማየው...

ገቡ። በሩ ተዘጋ።