ለጄይላ ያነሣሁት እጅ

ማክሰኞ፣ ፌብ. 3። ከልምምድ በኋላ።

ሁለቱም ጉልበቴ ላይ በረዶ። ቀኝ ክርኔ ተልጧል። ልምምዱ እንደ ወትሮው፤ ወደ ቅርጫቱ ሰብራ የምትገባውን ሁሉ እኔ ቀድሜ እጋጫለሁ፣ ጄይላ ከኋላዬ ቆማ የተረፈውን ኳስ ትለቅማለች። ኮች ዳና ፊሽካዋን ነፍታ አስቆመችን። ዘገየሽ አለችኝ። ጄይላን ለብቻዋ እንዳትተዪያት አለችኝ። ጄይላ ውኃ እየጠጣች ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። በአንድ ጨዋታ አምስት ፋውል የሞላባት ትወጣለች። ጄይላ ከወጣች እንሸነፋለን። ግማሹን ነጥባችንን የምታገባው እሷ ናት፤ እጇ ደግሞ አያርፍም። ስለዚህ የኮች ዋና ሥራ የጄይላን ፋውል መቆጠብ ሆኗል። የምትቆጥበው ከእኔ ነው። አምስቱ ፋውሎቼ የእሷ መጠባበቂያ ናቸው።

ስሜ እዚህ ስፖንጅ ነው። የፈሰሰውን ሁሉ ስለምመጥ። ያወጣችልኝ ጄይላ ናት።

አንቺን ግን፣ ደብተሬ፣ በአማርኛ ስለምጽፍብሽ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ገልጬሽ ብሄድም የሚያነብሽ የለም። እስከ ሰባተኛ ክፍል አዲስ አበባ መማሬ ለዚህ ጠቀመኝ።

ቅዳሜ፣ ፌብ. 7። ጋርላንድ፣ እማዬ ቤት።

አሸነፍን። በሁለት ነጥብ። እኔ ግን ተናድጃለሁ። ለምን እንደሆነ ጽፌ ልየው።

አራተኛው ሩብ፣ ሦስት ደቂቃ ቀርቷል። ጄይላ አራት ፋውል አለባት። እኔም አራት። ቅርጫቱ ሥር አምስት ሰው ተደራርቧል። ጥፊ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ፤ የጄይላ ግራ እጅ፣ የልጅቷ ክንድ ላይ። ፊሽካ። ዳኛው ከጀርባችን ነበር፤ ማን እንደመታች አላየም። ዓይኑ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ይዞራል። ከቤንቹ የኮች ድምፅ መጣ፦ "ሩት! እጅ!"

እጅ ማንሣት የድሮ ጨዋነት ነው። ፋውል የሠራች ተጫዋች እጇን ታነሣለች፣ ዳኛው ቁጥሯን ያስመዘግባል። ዛሬ ከእኛ በቀር የሚያደርገው ቡድን አላየሁም። ኮች ዳና በመጀመሪያው ዓመት አስተማረችን፤ ለሐቀኝነት ነው ብላ። ለሐቀኝነት!

አነሣሁ። አምስተኛዬ። አንዷ አራተኛ ዓመት ያቀበለችኝን ፎጣ ራሴ ላይ ጥዬ ተቀመጥኩ። ጄይላ የመጨረሻዎቹን ስድስት ነጥቦች አገባች፤ በትከሻ ተሸክመው አዞሯት። ለእሷ እጄን ሳነሣ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም።

እማዬ ከሆስፒታል ሺፍት ቀይራ መጥታ ነበር። ከቅርጫት ኳስ ሕግ አንዱንም አታውቅም። ፓርኪንጉ ላይ ቀበቶ እያሰርን፦

"ሩትዬ፣ ለምንድነው እጅሽን ያወጣሽው?"

"ፋውል ሠርቼ ነዋ።"

"የት ነክተሻት! የመታቻት ያቺ ረጅሟ ናት።"

"ዳኛው ያላየውን አንቺ በምን አየሽ?"

"ዳኛው ኳስ ያያል። እኔ ኳሱ ምን ያደርግልኛል? አንቺን ነው የማየው።"

ሠፈራችን ልንደርስ ስንል ደግሞ፣ መንገዱን እያየች፦ "ለሰው ዋስ ይሆናሉ፣ ልጄ። ለሰው ጥፋተኛ ግን አይሆኑም።"

ሬዲዮውን ከፈትኩ።

ረቡዕ፣ ፌብ. 11።

የኮች ቢሮ። ዐሥር ደቂቃ አልሞላም። የሚቀጥለው ዓመት የኮሌጅ ስኮላርሺፔ አይታደስም። የመጨረሻ ዓመቴ! ያለ እሱ አልጨርስም፤ እሷም ታውቃለች። ምክንያት፦ ዲሲፕሊን። ወረቀት ገፋ አደረገችልኝ። ከቡድኑ ብዙ ፋውል ያለባት፣ ሩት። ስሜን ቢጫ ቀብታዋለች።

ሁሉም የእኔ አይደሉም አልኩ። የማን ናቸው አለች። ታውቂያለሽ አልኩ። መዝገቡ ላይ ያለው ስም የማን ነው አለች። ጮኸሽ ያዘዝሽኝ አንቺ ነሽ አልኩ። ጨዋታ ላይ ብዙ ነገር እጮሃለሁ አለች፣ ፈገግ ብላ። ስወጣ በሩን ቀስ አድርጌ እንድዘጋው ጠየቀችኝ።

ቀስ አድርጌ ዘጋሁት። ያንን ቀስታ መዝግቢልኝ።

ዓርብ፣ ፌብ. 13። ቪዲዮ ክፍል።

የዓመቱን ጨዋታ ሁሉ አየሁ። ሁለት ቀን። የስታትስቲክስ ክላሴን ቀረሁ፤ ይህም ስታትስቲክስ ነው። በእኔ ስም ከተጻፉት ዘጠኙ የጄይላ ናቸው። ዘጠኙንም ቆርጬ ፍላሽ ላይ አስቀመጥኩ። በስድስቱ ላይ ኮች ከቤንቹ ተነሥታ አፏ ሲከፈት ይታያል።

ሌላም አገኘሁ። ጄይላ ቅርጫቱን ስትስት ትናደዳለች። ወዲያው በሚከተለው መከላከል ግራ እጇ ይዘረጋል። ሁሌም ግራው፣ ሁሌም ከሳተች በኋላ። እኔ ሳላውቀው ሰውነቴ ያውቅ ኖሯል። እሷ ስትስት የእኔን ሰው ትቼ እሮጣለሁ፤ አጥቂዋ ጄይላ ጋ ሳትደርስ እጋጫታለሁ።

ባልሮጥስ?

በቀል ሰውን ማሳደድ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቆሞ መቅረትም ይበቃል።

እሑድ፣ ፌብ. 15።

ጄይላ ግሬፕቫይን ከተማ፣ አክስቷ ቤት አድርሺኝ አለችኝ። ጋዝ የምሞላው እኔ፣ ዘፈን የምትመርጠው እሷ። አደረስኳት። አንድ ዕድል ልስጣት ብዬ። መንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስኮላርሺፑን፣ ቢጫውን ወረቀት። ኮች ጋ ግቢና እውነቱን ንገሪልኝ አልኳት። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል አልኳት።

ሳቀች። "ስፖንጅ ተጨመቀች በይኛ!" ከዚያ ጫማዋን ዳሽቦርዴ ላይ ሰቅላ፦ "ቆይ፣ እጅሽን እኔ ነኝ ያነሣሁልሽ? ራስሽ ነሽ እኮ ያነሣሽው።"

አውሮፕላን መንገዱ ላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። እስኪርቅ በዓይኔ ሸኘሁት። የሚያንገበግበኝ እውነቷን መሆኑ ነው። ራሴ ነኝ ያነሣሁት። ዘጠኝ ጊዜ። ጎበዝ ለመባል። ኮች ጀርባዬን ቸብ ቸብ እንድታደርገኝ።

ይህንንም ጄይላ ላይ ደመርኩት። ትክክል ይሁን አይሁን ግድ የለኝም።

ቅዳሜ፣ ፌብ. 21።

ጣፈጠኝ። አልዋሽሽም።

በሜዳችን የመጨረሻው ጨዋታ። አዳራሹ ሙሉ። እማዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር። እኔ የተሰጠችኝን ልጅ እንደ ጥላ ያዝኳት። ሰነፈች ሊለኝ የሚችል የለም፤ ልጅቷ እስከ ዕረፍት አንድም አላገባች። ከእሷ ግን ንቅንቅ አላልኩም። ጄይላ ስትስት አልሮጥኩም።

በመጀመሪያው ሩብ ጄይላ ላይ ሁለት ፋውል። ኮች አስወጣቻት፣ እስከ ዕረፍት ቤንች ላይ አስቀመጠቻት። ሦስተኛው ሩብ ላይ መለሰቻት፤ ሦስተኛ። "ሩት፣ እርዳታ! እርጃት!" እሰማለሁ። ሰምቼ የራሴን ሰው እይዛለሁ። አራተኛው ሩብ እንደተጀመረ አራተኛ። እንደገና ወጣች። ሁለት ደቂቃ ሲቀር፣ በአንድ ነጥብ እየመራን፣ ኮች ቀለበቷን በጣቷ እያዞረች ስታስብ ቆየችና አስገባቻት።

ጄይላ ወረወረች። ሳተች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ተመለስን። ከእነሱ ኳስ የያዘችው ሰብራ ገባች፣ የእኔም ልጅ ተከተለቻት፣ ሁላችንም ቅርጫቱ ሥር ተደራረብን። ግራ እጅ። ጥፊ። ፊሽካ።

ዳኛዋ ከጀርባ ነበረች። አላየችም። ዓይኗ ይዞራል።

"ሩት! እጅ!"

እጆቼን ጉልበቶቼ ላይ አሳረፍኩ።

"ሩት" አለች ጄይላ፣ በቀስታ። በሦስት ዓመት ውስጥ በስሜ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነው። "ሩት፣ በናትሽ።"

ከአፍንጫዬ ላብ ወለሉ ላይ ጠብ ሲል አየሁ። ሁለተኛ ጠብታ። ዳኛዋ ቀና ብላ የጄይላን ቁጥር በጣቶቿ ለመዝጋቢዎቹ አሳየች።

በአምስት ነጥብ ተሸነፍን። የእኔ ፋውል በጠቅላላው አንድ። የራሴ።

የአራተኛ ዓመቶቹ መልበሻ ክፍል ውስጥ አለቀሱ። በዚህ ሜዳ ዳግመኛ አይጫወቱም። ስፖንጅ ስባል አብረው ስቀዋል። ቢሆንም አንዷ፣ ፎጣ ያቀበለችኝ እሷ፣ ስትነፋረቅ ዓይኔን ከእሷ ማንሣት ነበረብኝ። ይህን ሌላ ቀን አስበዋለሁ። ዛሬ ጣፍጦኛል።

ሰኞ፣ ፌብ. 23።

ኮች ሁላችንንም ሰብስባ አስቀመጠችን። ከመካከላችን አንዷ የቅዳሜን ጨዋታ ሆን ብላ አስበልታናለች አለች። ሐቀኛ ከሆነች እጇን ታንሣ አለች።

ያ ሁሉ አንገት ወደ እኔ ዞረ። እጆቼ ጭኖቼ ላይ። ኮችን ቀጥ ብዬ አየኋት። ሐቀኝነትን ከጀመርን ከዘጠኙ እንጀምር አልኳት። ቀላች።

ያኔ የጄይላ ግራ እጅ ከጭኗ ተነሣ። ደረቷ ድረስ መጣ። ትንፋሼን ያዝኩ፤ አዎ፣ ያዝኩ።

ፀጉሯን አከከችና አወረደችው።

እሺ።

ያው ሰኞ፣ ከሰዓት። ጋርላንድ።

ወሰንኩ። ነገ ጧት ከስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ጋር ቀጠሮ አለኝ። ዘጠኙንም ቪዲዮ አሳያለሁ፣ ኮች የምትጮኽባቸውን ስድስቱን አስቀድሜ። የጄይላን ስም ሳልሸፍን። የቅዳሜውንም እነግራቸዋለሁ፤ አልሮጥኩም፣ እጄንም አላነሣሁም እላለሁ። ያንን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከእኔ አፍ ይስሙት። ስኮላርሺፑን ባይመልሱልኝ እንኳ ያ መዝገብ በስሜ እንደተጻፈ አይቀርም።

እማዬ አብሬሽ ካልሄድኩ አለች። ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ጨርሳለች። እንግሊዝኛው ያስቸግርሻል አልኳት። ያየሁትን ለመናገር ስንት ቃል ነው አለችኝ። "አልነካቻትም፣ ያቺ ረጅሟ ናት" በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል አስተማርኳት።

አሁን ከማድ ቤት ድምፅዋ ይሰማኛል። ሳህን እያጠበች ትደግመዋለች። መጀመሪያ ዝግ ብላ፣ እንደ ተማሪ። አሁን ጮክ አድርጋ። ገና ትንሽ ቃላቱ ይሰባበሩባታል፤ ግን አንዱንም አትዘልም።