መስኮቱ ላይ የቆመው ዋጋ

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ብርዱ አይጣል ነው። ቢሮ ስገባ ጣቶቼ ኪቦርዱን እምቢ አሉት። ሻይ አስመጥቼ ብርጭቆውን አቅፌ ትንሽ ተቀመጥኩ...

የገበሬ ማኅበራችን ቢሮ ገበያው መግቢያ ላይ ስለሆነ ስክሪኑን በመስኮቱ ወደ መንገድ አዙረን ሰቅለነዋል። እብናት ያለው ጥላዬና ሐሙሲት ያለችው ወርቅነሽ የእህሉን ዋጋ ከነሰዓቱ በስልክ ይልካሉ። ኮምፒውተሩ ተቀብሎ ለየገበያው የመጨረሻውን ዋጋ ያወጣል። ገበሬው አህያውን ሳያራግፍ ቀና ብሎ አይቶ ያልፋል። የዋጋውን ሠንጠረዥ የሠራሁት እኔ ነኝ። ማንም ስላላመሰገነኝ እዚህ ራሴን አመሰግናለሁ።

ዛሬ ገበያው ቀዝቃዛ። ጤፍ ከጠዋት እስከ ማታ ያው። ወርቅነሽ ደውላ፣ "መሠረትዬ፣ አዲስ ዋጋ የለኝም፤ ሰላምታ ልላክልሽ?" አለችኝ። ሳቅን። ጥሩ ቀን።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ገና ቀረበና ገበያው አበደ። እብናት ላይ አይሱዙዎቹ ሳይነጋ ገብተው ነጭ ጤፍ ሲሻሙ ዋሉ። ዋጋው በየሰዓቱ ሽቅብ...

የእኔ ስክሪን ግን የሐሙሲትን እየቀያየረ የእብናትን ይዞ ደረቀ። ሰው በሰው ላይ ሆኖብኝ ያየሁት ከሰዓት በኋላ ነው። መልእክቱ ይደርሳል፣ ስክሪኑ ላይ አይወጣም። አጥፍቼ አበራሁት። ያው።

አባዬ ዛሬ ከገጠር ጤፍ ይዘው መጥተው ነበር። መስኮቱን አይተው፣ በዚያው ዋጋ ለነጋዴ ሰጥተው ጨርሰዋል። እብናት ስንት እንደደረሰ የሰሙት በኋላ፣ ከሰው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "መስኮትሽ ዋሸኝ፣ ልጄ" ብቻ አሉኝ። ቀጥለውም "ሽሮ በልተሻል? ከስተሻል" አሉ። አለቀስኩ... ከሄዱ በኋላ።

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ

ሊቀ መንበራችን አቶ ኪዳኔ አስጠሩኝ። "እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። ሰው ግን አውቃለሁ። ገበሬ አንዴ ያታለለውን ተመልሶ አያየውም" አሉ። እስከ ገና ገበያ ድረስ ጊዜ ሰጡኝ። ያን ቀን ከቆመ ስክሪኑ ይወርዳል፣ ክፍሉም የማዳበሪያ መጋዘን ይሆናል።

"መልእክት ሲበዛበት ከብዶት ነው፣ ሜሞሪ ይጨመርለት" አልኩ፣ በሙሉ ልብ። እየተነፈሱ ፈረሙልኝ።

ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ

ሜሞሪው ከባሕር ዳር መጣ። ራሴ ገጠምኩት። መብራት ሲሄድ የሚይዘውን ባትሪም ሞከርኩ፣ ኔትወርክ ቢጠፋ ብዬ ሌላ ሲም ካርድ አዘጋጀሁ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ፍጥነቱ ደስ ሲል! አሁንማ የፈለገ ይምጣ።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

የፈለገው መጣ። እብናት ደረቀ!

የካርቶን ክዳን ቀድጄ ዋጋውን በማርከር እየጻፍኩ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩ። አንዱ ሽማግሌ፣ "ያ ሁሉ ገመድ ለዚች ካርቶን ነው?" አሉኝ። 

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥላዬ ደወለ።

"ይቅርታ መሠረት፣ የንጋቱን አጥፊልኝ። ቀይ ጤፉን ነጭ ብዬ ነው የላክሁት።"

አጠፋሁት። እብናት ዘለለ! አሁን ያለው ዋጋ ላይ ቁጭ አለ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ...

የንጋቱን መልእክት መልሼ አየሁት። ሰዓቱ 12፡30። ከዚያ በኋላ የላካቸው 1፣ 2፣ 3 እያሉ ይሄዳሉ። እኔ ሠንጠረዡን ስሠራ ትልቁን ሰዓት የመጨረሻ አድርገህ ውሰድ ብዬዋለሁ። ታዲያ አሥራ ሁለትን ማን ይበልጠዋል? ምስኪኑ ቀኑን ሙሉ ንጋት ላይ ተቀምጦ ይውላል! ቀኑ ከአሥራ ሁለት ተነሥቶ ወደ አንድ እንደሚሄድ እዚህ አገር ሕፃን ያውቃል። ለኮምፒውተሩ ግን ማን ነገረው? በቀዝቃዛ ገበያ በዚያ ሰዓት የሚልክ ስለሌለ አልታወቀኝም። ወርቅነሽም ሁሌ አርፍዳ ነው የምትጀምረው።

ለጥላዬ ነገርኩት። "እና ንጋትን ምን ልበለው? ዜሮ ተኩል?" አለ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። የምትጽፈውን ጻፍ አልኩት። ከእንግዲህ ኮምፒውተሩ የሚያየው መልእክቱ የደረሰበትን ተራ ነው። ሥራው ሻይ የማፍላት ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

ለአቶ ኪዳኔ ሁሉንም ተናገርኩ። 

"ሜሞሪውስ?"

"አላስፈለገም ነበር... ግን አይከፋም።"

ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። "ቅዳሜ እናያለን" አሉ።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ፤ የገና ገበያ

ሠራ! ጥላዬ ገና ሲነጋጋ ጀመረ። ጤፍ ወጣ፣ ትንሽ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። መስኮቱ እግር በእግር ተከተለው። አቶ ኪዳኔ ደጅ ቆመው ላላዩት ሁሉ ሲያነቡ ዋሉ። ስለ ማዳበሪያ የተነሣ ነገር የለም።

አባዬ ግን... አህያቸውን እየነዱ በመስኮቱ ሥር አለፉ። ቀና አላሉም። ደስታዬ ግማሽ ሆነ።

ማታ ደወልኩላቸው። ደህና ሸጠዋል። ዋጋውን ማን ነገረዎት ብል፣ "ጎረቤታችን ይርጋ" አሉ።

"ይርጋ ከየት ሰማ?"

በጣም ቀስ ብለው፣ "ከመስኮቱ ነው መሰለኝ" አሉ። ሁለታችንም ሳቅን። የእሳቸው ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ።

ጥር 2፣ ቅዳሜ

ብርድ ልብስ ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። አባዬ።

"ልጫን ወይስ ለጥምቀት ገበያ ላቆየው? መስኮትሽ ምን ይላል?"

"አባዬ፣ ገና አሁን እኮ ነው የነጋው። ቢሮው አልተከፈተም።"

"ክፈችዋ! አህያው ቆሟል።"

ካልሲዬን አንድ እግር ብቻ አድርጌ ሮጥኩ። ቁልፉ በብርዱ አልዞር አለኝ። ኮምፒውተሩ ተነሣ። ጥላዬ ልኳል፤ እብናት፣ ነጭ ጤፍ፣ 12፡30። ካለፈው ቅዳሜም ይበልጣል።

"ይጫኑ፣ አባዬ" አልኳቸው።

ይርጋን ልጠይቅ አላሉም። እርግጠኛ ነሽ ወይ አላሉም። "ጫንሁ" አሉና ስልኩን ዘጉት።