በግድግዳህ የወጣው ጭስ

ለወንድሜ ለሰብስቤ፤

ሰላምታዬ ካለህበት አዲስ አበባ ይድረስህ። እኛ ሶዶ አለን፤ ደኅና ነን ማለት ልማድ ስለሆነ እሱንም ጽፌልሃለሁ።

አስቀድመህ ይህን እወቅ፤ ግድግዳህን የበሳሁት ለእምዬ ነው። ደረጃ መውጣት ካቃታት ወዲህ የምትተኛው ምድር ቤት ነው። ከዳሞታ የሚወርደው ብርድ ደግሞ እዚያ ይብሳል። ስለዚህ የብረት ምድጃ አስገብቼ የጭሱን ቱቦ በድንጋዩ መካከል ወደ ጓሮ አወጣሁት። ዙሪያውን የመረግሁት ጭድ በሌለው ጭቃ ነው፤ ጭድ ቢኖርበት ከቱቦው ግለት የተነሣ ይቃጠል ነበር። ሥራው እንከን የለበትም።

እንከኑ ላይኛውን ቤት ያከራየኸው አድነው ነው።

«የኔታ፣ በመስኮት አጠኑኝ እኮ! ቆሌ መሰልኩዎት?» አለኝ።

«ቱቦውን ከመስኮትህ በላይ ላስረዝመው» ብለው፣ «ባለቤቱ ካላዘዘኝ ግድግዳውን አላስነካም» አለ።

ማክሰኞ ገበያ ስወጣ ቱቦውን በቡትቶ ወተፈው። ስመለስ ምድር ቤቱ በጭስ ታፍኖ ጠበቀኝ። ፊደል ማስቆጠር የተውኩ ሽማግሌ ሆኜ፣ የደጁን ብርድ ፈርቼ እምዬን ከነጋቢዋ አቅፌ ወደ ላይኛው ቤት የሚያወጣውን ደረጃ በአንድ ትንፋሽ ወጣሁት። ምንም አልከበደችኝም።

ከላይ የአድነው እርምጃ በተሰማ ቁጥር «ሰብስቤ መጣ?» ትለኛለች። ተከራይህ ነው አልላትም።

ለአድነው ትእዛዝህን በደብዳቤ ላክለት። ለእሷ የምትለውን ግን ራስህ ይዘህ ና። የምትመጣበትን ቀን ዛሬ ነገ ሳትል ጻፍልኝ።

የተቀየመህ ወንድምህ፣
ጉልላት