አባባ የሳቷቸው ሸክላዎች

ለምወድህ ወንድሜ ለዱጋል፣

እንዴት ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ያን ቤት የሚያህል የማዕድን መኪና ስትነዳ ውለህ እያቃሰትክ ነው የምትገባው? ጃሲንታ እንዴት ናት? ትንሿ ፍሬያስ ጥርስ አወጣች? ያን ሙቀትና ቀይ አቧራ እንዴት እየቻላችሁት ነው? እዚህ አዝመራው ተሰብስቦ ገብቷል፣ ባለቤቴ ግሌን ደህና ነው፣ ውሾቹም ደህና ናቸው። የምጽፍልህ ስለ አባባ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ ሁልጊዜ አጠገቤ ናቸው፤ ጆሯቸው ደግሞ አንዲት ቃል አያመልጠውም።

ከሁሉ በፊት ግን ሳቅብኝ። እህትህ ተኳሽ ሆናለች! እማማ ካረፉ ወዲህ አባባ ብቻቸውን እንዳይሄዱ ብዬ በየእሑዱ አብሬያቸው ወደ ተኩስ ክለቡ እሄዳለሁ። እሳቸው ይነዱ ነበር፣ እኔ እዚያ ስንደርስ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሹራብ እሠራ ነበር። አንድ እሑድ የክለቡ ጸሐፊ ቤቭ መስኮቱን አንኳኩታ፣ "አንቺ፣ እንቁላል ታቅፈሻል እንዴ? ውረጂ እንጂ!" አለችኝ። ፎርም አስሞላችኝና የራሷን ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ አስያዘችኝ።

ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሰደፉን ትከሻህ ላይ ታጠብቃለህ፣ ጉንጭህን ታስተኛበታለህ፣ "ልቀቅ!" ብለህ ትጮኻለህ። ከፊት ለፊትህ ካለው ጉድጓድ ትንሽ ብርቱካናማ የሸክላ ሳህን ተወርውሮ ይበራል። እኔ አስተካክዬ አልሜበት ስተኩስ እሱ የት ደርሷል! ቤቭ ከኋላዬ ሆና፣ "ያለበትን ሳይሆን የሚሄድበትን ተኩሺ! ደግሞ እጅሽ አይቁም፣ አብረሽው ሂጂ!" እያለች ትጮኽብኛለች። ከሃያ አምስት ሦስት መታሁ። በማግስቱ ትከሻዬ በልዞ እጄን ማንሳት አቃተኝ። የመጀመሪያው ሸክላ አየር ላይ ብትን ሲል ግን ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርህ! እንደ ሕፃን ዘለልኩ። "ጠመንጃ ይዞ መዝለል የለም!" ብለው ሁሉም ተቆጡኝ።

ክለቡ ውስጥ ደንብ አለ፤ የተኮሰ ሁሉ በተራው ከተኳሾቹ ኋላ ባለችው ከፍ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሌሎቹ ይዳኛል። ከሸክላው ቁራጭ ሲወድቅ ካየህ ዝም ብለህ ትመዘግባለህ፤ ሳይነካ ካለፈ "አመለጠ!" ትላለህ። በአራተኛው እሑድ ተራዬ ደረሰ። ከፊቴ ከተሰለፉት አምስት ሰዎች አንዱ አባባ ነበሩ። "ልቀቅ!" አሉና ተኮሱ፤ ሸክላው እንደ ነበረ ሄዶ የስንዴው ገለባ ላይ አረፈ። "አመለጠ!" አልኩ በሙሉ ድምፄ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። የተሳሳትኩ መሰለኝና ሁለተኛውን ዓይኔን አፍጥጬ ጠበቅኩት። እሱም አመለጠ። ከሃያ አምስቱ የመቱት ሰባት ብቻ ነበር። ባለፈው እሑድ እኮ አሥራ ዘጠኝ ተብሎ ተመዝግቦላቸዋል!

የአባባ የልብ ጓደኛ ጋሽ ከልቪን ክንዴን ይዘው ከክለቡ ቤት ኋላ ወሰዱኝ። ፊታቸው ቲማቲም መስሏል። "አንቺ ልጅ፣ ምን ማድረግሽ ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ የሳተውን ሁሉ መታ ብለን የጻፍንለት ለምን ይመስልሻል? ሚስቱን ቀብሯል፤ እሑዱንም ልትቀሚው ነው?" አሉኝ።  ንዴቴ መጣ። "ጋሼ፣ እኚህ ሰውዬ በዚህ ዓይን እህል ጭነው አውራ ጎዳና ላይ ይወጣሉ እኮ!" አልኳቸው።

ስንወጣ አባባ የመኪናውን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጡና ዞረው በተሳፋሪው በር ገቡ። ለአባባ ማን ነድቶላቸው ያውቃል? እኔ እየነዳሁ ግማሽ መንገድ ሄድን። ከዚያ "ስንት መታሁ?" አሉኝ።

"ሰባት።"

"እውነተኛ ሰባት?"

"እውነተኛ።"

"እናትሽ ብትኖር በመጀመሪያው እሑድ ትነግረኝ ነበር" አሉ። "ሸክላው መሐል ላይ ሲደርስ ይጠፋብኛል፣ ሜሪን። በግምት ነበር የምተኩሰው። መታህ ሲሉኝ ማመን አማረኝ።" መኪናውን ዳር አቁሜ አለቀስኩ። እኔስ ከጋሽ ከልቪን በምን እሻላለሁ? እሳቸው ሲነዱ መኪናው ወደ መንገዱ ዳር ጠጠር ሲያጋድል እያየሁ ዝም እል ነበር። አንተ በደወልክ ቁጥር "አባባ እንደ ብረት ናቸው" ስልህ የከረምኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።

ሐሙስ ሆርሻም ከተማ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። የእይታቸው መሐል እየጠፋ ነው፤ ዳር ዳሩ ይተርፋል፣ ዓይን ላይ የሚወጋው መርፌ ግን ሕመሙን ቢያዘገየው እንጂ አያድነውም አለችን ሐኪሟ። ቀድሞ የሚጠፋባቸው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳት። የሰው ፊት ነው አለችኝ።

አባባ የመንጃውንም የጠመንጃውንም ፈቃድ ራሳቸው ሄደው መለሱ። ፖሊሱ ፊት ሲቀልዱ ነበር፤ ቤት ገብተው ግን እራት አልበሉም። ልጆች ሳለን እንዳንነካው የሚከለክሉንን ያን ጠመንጃ፣ "ሰደፉ ይረዝምሻል፣ አስቆርጪው" ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ፈቃዴ እስኪወጣ ክለቡ ካዝና ውስጥ ነው። እሑድ ጋሽ ከልቪን መጥተው በር ላይ ቆሙ። ይቅርታ ሊጠይቁ እንደመጡ ገባኝ፤ እሳቸው ግን ስለ ዝናብ ብቻ አወሩና አባባን ወደ ክለቡ ይዘዋቸው ሄዱ።

አባባ "ለዱጋል እንዳትጽፊለት፣ ሥራ አለው" ብለውኝ ነበር። የፍሬያን ፎቶ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈውታል። ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው በዓይናቸው ጥግ ያይዋታል። ፋሲካን አትጠብቅ። ልጅቷን ይዘህ ና።

ጃሲንታን አቅፈህ ሳምልኝ፣ የፍሬያን ሁለት ጉንጮች እንደዚሁ። ግሌን ወገብህን አደራ ይልሃል። ቤቭም ሰላም ብላሃለች። አባባ ስትደውል "ደህና ናቸው በዪው" ብለውኛል፤ ከእንግዲህ ግን አልልህም።

እህትህ ሜሪን
ቢንያላ፣ ዊመራ
ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2014