የወንድሜ ጉልበት

ለወንድም ጋሼ፣ ሚስኬ

እንደምን ከርመሃል? ምሽትህ ደህና ናት? ልጆችህስ? ትልቁ ጢም አወጣ ሲሉኝ ማመን አቃተኝ። ታናሿን፣ ስሟ ምላሴ ላይ ነው አልመጣ አለኝ፣ ያቺን ፍንጭቷን ሳምልኝ። በቆሎው፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ሁሉ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ሩፊና ደህና ናት፣ የዳቦ ምድጃውም ደህና ነው። ከተማችን አራኒ ያው አራኒ ናት፤ ለእመቤታችን በዓል ጎዳናው እየተጠረገ ነው፣ ጡሩምባ ነፊዎቹም ከጠዋት ጀምረው ጆሯችንን እየበጠሱት ነው።

ጉልበትህን ለብቻው ልጠይቅ ብዬ ነው ወደ ኋላ ያቆየሁት። ጉልበትህ እንዴት ነው ወንድም ጋሼ? ቀኙ ማለቴ ነው። ወይስ ግራው ነበር? አንተ ራስህ ከረሳኸው እኔ ምን ላድርግ።

ስልክ ያልደወልኩት አውቄ ነው። ስልክ ብደውል ሁለት ቃል ሳትናገር ታስቀኝና ንዴቴ ውሃ ይሆናል። ዛሬ መሳቅ አልፈልግም። ስለዚህ ዶን ዴልፊን ዳቦውን በመኪናው ጭኖ ወደ ሚስኬ ሲወርድ ይህን በእጁ ይሰጥሃል።

ነገሩን ያወቅኩት እንዲህ ነው። ባለፈው የገበያ ቀን ዶኛ ኤውላሊያ፣ ያቺ ጥብስ ሻጯ፣ «ና እስቲ፣ ያ አንካሳ ወንድምህ እንዴት እንደሚበር ተመልከት» አለችና ቅባት በቅባት የሆነ ስልኳን አፍንጫዬ ላይ ደቀነችው። የሚስኬ የሞተር ውድድር ነው፣ ከአርባ ዓመት በላይ የሆኑት ምድብ። አቧራው ሰማይ ነክቷል። ሄልሜቱን አላውቀውም፤ ቁጥሩንም አላውቀውም። ክርኑን ግን አወቅኩት። ግራ ክርኑን እንደ ዶሮ ክንፍ ሽቅብ ቀስሮ የሚነዳ በዚህ ሁሉ ሸለቆ አንድ ሰው ነው ያለው። «እሱ አይደለም፣ የሱ ጉልበት ካለቀ ቆየ» አልኳት። «እና ይሄን ጉልበት ከማን ተዋሰው?» ስትል ገበያው በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ፣ እያረርኩ ሳቅኩ።

እስከ መጨረሻው አየሁት። ትልቁን ጉብታ ዘለህ በሁለት እግርህ ቆመህ ነው ያረፍከው። ጉልበቱን የታመመ ሰው እንደዛ አያርፍም። ሦስተኛ ወጣህ። እንኳን ደስ አለህ።

ሰው ውድድር ለምን እንደሚተው እኔና አንተ ስንት ጊዜ አውርተናል? ፍሮይላን ሲያገባ ተወ፤ ሚስቱ «ወይ እኔን ወይ ሞተሩን» አለችው። ዓመት ሳይሞላው ሚስቱን ኋላ አፈናጦ ለመመዝገብ መጣ። ሌላው የገዛ ልጁ ሲቀድመው ተወ። ሌላው አጥንቱ ሲሰበር ተወ፤ አጥንቱ ሲጠገን ተመለሰ። ሁሉም ይተዋሉ፣ ከዚያ ሁሉም ሆዳቸውን አስቀድመው ይመለሳሉ፣ ሱሪያቸው አልቆለፍ ብሎ በገመድ አስረውት። በነሱ እየሳቅን ነው ያደግነው። እኔ ለምን እንደተውኩ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሰው ሁሉ «ፑናታ ውድድር ላይ ስለወደቀ ነው» ይላል። ወድቄያለሁ፤ ራሴን ስቼ ሆስፒታል ስነቃ የመጀመሪያ ቃሌ «ማን አሸነፈ?» ነበር፣ አንተ በየሰርጉ እየተረክህ ስታስቅበት ኖረሃል። በመውደቅ አልተውኩም። አንተ ስለተውክ ነው የተውኩት።

ከልጅነታችን አንድ ሞተር ለሁለት ነው የነዳነው። አንተ ያንተን ዙር ትጨርስና ላብህ ያልደረቀበትን ሄልሜት እኔ ራስ ላይ ትደፋው ነበር። በኋላ ሁለት ሞተር ሲኖረን ደግሞ መነሻው ላይ ጎን ለጎን ነበርን። ከጎማችን ፊት ያለው ብረት ሊወድቅ ሲል አንዴ ዞር ብለህ ታየኛለህ፤ በቃ፣ ከዚያ በኋላ ምንም አልፈራም። አንተ ከሌለህ እዚያ ቆሜ ምን ላድርግ? ማንን ልቅደም? ሲያልቅስ ከማን ጋር ተሳድቤ ሞተር ልጠብ? አንድ ቀን አንገትህን ደፍተህ መጣህና «ወንድሜ፣ ጉልበቴ አለቀልኝ፣ ሐኪሙ በቃህ አለኝ» አልከኝ። የዛኑ ዕለት ሞተሬን ዱቄት መጋዘን አስገብቼ ማዳበሪያ አለበስኩት። አለቀስኩም። ላንተ ጉልበት ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ ስታነክስ ኖርክ። ሰርግ ላይ አነከስክ፣ ለቅሶ ላይ አነከስክ። የእናታችንን ሬሳ ሳጥን ስንሸከም «አንተ ተወው፣ ጉልበትህ» ብዬ ያንተንም ወገን ደርቤ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። የዱቄት ጆንያ ልታነሳ ስትል እጅህን እየመታሁ አስጥዬሃለሁ። የግሮቨርን ልጅ ክርስትና ስናነሳ በግራ እግርህ ስታነክስ አይቼ «ወይኔ፣ ወደ ሌላውም ተዛመተበት!» ብዬ ለሩፊና ነገርኳት። ፊቷን አዙራ ሳል በሳል ሆነች። ለካ ሳል አልነበረም። አይ ሞኝነቴ!

ግሮቨርን ደግሞ ተወኝ። አበልጃችን ነው፣ መካኒካችን ነው፣ ነፍሴን የምሰጠው ሰው ነው። ሞተሬን ለሱ ሸጥኩለት ብለኸኝ አልነበር? ጋራዡ ውስጥ ከጎማ ክምሩ ኋላ ደብቆ ዘይት እየቀየረልህ ነው የኖረው። በካርኒቫል ማክሰኞ፣ ለመሬቱም ለመሣሪያውም በረከት ብለን መጠጥ ጠብ በምናደርግበት ቀን፣ ያንን የጎማ ክምር የበቆሎ ጠላ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ባለ ቀለም ወረቀት በትኜበት «አበልጄ፣ ጎማህ ይባረክ፣ ገበያህ ይድራልህ» እያልኩ ጨፍሬበታለሁ። የምመርቀው ያንተን ሞተር ነው ለካ! ግሮቨር አጠገቤ ቆሞ አሜን ይላል። አሁን ሄጄ አንገቱን ስይዘው «ምን ላድርግ አበልጄ፣ ወንድምህ አስምሎኝ ነው» አለኝ። «በማን አስማለህ?» አልኩት። «ባንተ ሞት» አለኝ። እናንተ ሰዎች ግን ትንሽ አታፍሩም?

ሩፊናን የጠየቅኳት የገበያው ዕለት ነው። ቤት ስገባ ሊጥ እያቦካች ነበር። «አየሁት» አልኳት። «ምኑን?» እንኳ አላለችም። እጇን ከሊጡ ሳታወጣ ሁሉንም ነገረችኝ። ፑናታ የወደቅኩ ጊዜ ኮቻባምባ ያከመችኝ ያቺ ልጅ እግር ዶክተር አንተንና እሷን ኮሪደር ላይ ጠርታ «ይህ ጭንቅላት ብዙ ተመቷል፤ አንዴ ከተደገመ አይተርፍም። ባይደገምም እየቆየ መርሳት ሊጀምረው ይችላል» ብላችኋለች። እኔ ግድግዳው ማዶ ተኝቼ ማን አሸነፈ እላለሁ። ሩፊና «እንንገረው» ስትል እምቢ ያልከው አንተ ነህ አሉ። «ከነገርነው በእልህ የሚቀጥለው እሑድ ይነዳል። እኔ ከተውኩ ግን እሱም ይተዋል» ብለሃል አሉ። እና ጉልበት ፈጠርክ።

እውነትህን ነው፣ እነዳ ነበር። ግን የኔ ጭንቅላት ነው! የራሴን ጭንቅላት ወሬ ግሮቨር አውቆት፣ የግሮቨር ሚስት አውቃው፣ ምናልባት ጥብስ ሻጯም አውቃው፣ እኔ ብቻ እንደ ሕፃን ተደብቆብኝ ዳቦ ስጋግር ኖርኩ። ዓይን ዓይኔን እያያችሁ። ሌላ ሰው ቢከዳኝ እሰድበውና ይወጣልኛል። አንተን ምን ብዬ ልስደብህ? በእናትህ ልሰድብህ እናታችን አንድ ናት።

ይህም ይሁን። ለኔ ብለህ ከተውክ እስከ መጨረሻው ትተወው አልነበር? የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሚስኬ የወረድከው ለሚስትህ መሬት መስሎኝ ነበር፤ አንተ እኔ የማላይህ ሜዳ ፍለጋ ነው የወረድከው። ሩፊና «እሱም ሰው ነው፣ ናፈቀው» አለችኝ። ናፈቀው! እኔስ? እኔ ዱቄት መጋዘን ገብቼ ማዳበሪያውን ገለጥ አድርጌ ነዳጅ አሽትቼ የምወጣ ሰው ነኝ። ሩፊና አይጥ የማባርር ይመስላታል።

ዶክተሯ መርሳት ያለችውን ደግሞ ተወው። ሩፊና ጨው ትረሳለህ ትለኛለች። ጨው ረስቶ የማያውቅ ጋጋሪ ካለ አምጣልኝ። አንድ ቀን ዳቦው ጨው የለውም ብለው መለሱልን፣ በማግስቱ ደግሞ ጨው በጨው ነው ብለው መለሱልን። ደንበኛ መቼ አማርሮ ይጠግባል።

እንግዲህ ስማኝ። ነገ እሑድ የበዓሉ ውድድር ነው፣ ወንዙ ዳር፣ እኔና አንተ በዶማና በተዋስነው ትራክተር በሠራነው ሜዳ። ተመዝግቤያለሁ። ሞተሩን አውጥቼ ካንዴላ ቀየርኩለት፤ በመጀመሪያ እርግጫ ተነሳ፣ አላኮረፈኝም። የምታኮርፈኝ ሩፊና ናት። ከተመዘገብኩ ወዲህ አላናገረችኝም፤ አታናግረኝ እንጂ የተቀደደ ሱሪዬን ሰፍታ አልጋው ላይ አስቀምጣልኛለች። ዛሬ ከሰዓት ልምምድ አለ። ወንድ ከሆንክ ነገ ያንን ደህና ጉልበትህን ይዘህ ና፣ መነሻው ላይ ጎኔ ቁም። ዞር ብለህ እንዳታየኝ ብቻ። ያንተን ዓይን ከእንግዲህ አላምንም።

ከዚህ በላይ ያለውን የጻፍኩት ጠዋት ነው። አሁን ከልምምድ ተመልሻለሁ። ዶን ዴልፊን ዳቦውን እየጫነ ስለሆነ አላስረዝምም። ቀድጄ ልጥለው ነበር፤ ከዚያ ተውኩት። ስድቡ ይገባሃል።

ነዳሁ። እግዜር ያውቃል፣ ጥሩ ነዳሁ ወንድም ጋሼ። መጀመሪያ ነዳጅ ቆጥቤ ነዳሁ፤ አንድ ዙር ስጨርስ ለቀቅኩት። ትልቁን ጉብታ ዘለልኩት። አየር ላይ ሳለሁ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ታየኝና እንደ ልጅ ጮህኩ። አቤት ደስ ሲል! አምሮብኝ አረፍኩ። ከዚያ ቀና ስል መንገዱ ወዴት እንደሚታጠፍ ጠፋኝ። ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ አላወቅኩም። ያንን መታጠፊያ የቆፈርኩት እኔ ነኝ፣ አንተ ድንጋይ ስትለቅምልኝ። አየሁት፣ አየሁት፤ አገሩ የሰው አገር ሆነብኝ። ሞተሩ እየሠራ፣ ልጆቹ እያለፉኝ፣ ባንዲራ የያዘው ሰውዬ «ውጣ ከመንገድ!» እያለ እየጮኸብኝ ዝም ብዬ ቆሜ ቀረሁ። እንደዛ ፈርቼ አላውቅም።

ግሮቨር እየሮጠ መጣ። «ምን ሆንክ አበልጄ?» ሲለኝ «ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ» አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ጎንበስ ብሎ የፍሪሲዮኑን እጀታ ጨበጠው፣ ለቀቀው፣ ደግሞ ጨበጠው። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ለተሰበሰበው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ፍሪሲዮኑ አመድ ሆኗል፣ ነገ አይነዳም!» አለ። ከዚያ ሞተሩን እስከ ቤት ገፋልኝ። ውሸት አሳምረህ አስተምረኸዋል። ትከሻዬን ሲያቅፈኝ ግን እጁን አላወረድኩትም።

ሩፊና በር ላይ ነበረች። ለሷም ፍሪሲዮን ነው አልኳት። «እሰይ» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። ያመነችኝ ይመስለኛል። እውነቱን እንዳትነግራት፤ በኔ ሞት።

ቂሜ የወጣልኝ እንዳይመስልህ፤ አልወጣልኝም። ግን ና። ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ና፣ አዲስ ፍሪሲዮንም ይዘህ ና። ሩፊና ቁጭ ብላ እያየችን ግቢው ውስጥ እንፈታዋለን። አሮጌውን አውጥተን ደህና መሆኑን ሳታይ በጨርቅ እንጠቀልለውና አዲሱን እንገጥምለታለን። ብቻዬን መፍታቱን እፈታዋለሁ። መልሶ መግጠሙን ነው እንጃ።

እመቤታችን ዳገቱን በሰላም ታውጣህ። ለምሽትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ቤታችሁን ጤና አይለየው።

ታናሽ ወንድምህ