የወሩ ተረኛ አይወጣም

ኅዳር 8 ቀን 1999

ቀየት ለእንስሳት ክትባት ወጥቼ ዋልኩ። ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል። አንድ ሽማግሌ ያረጀች በግ እየጎተቱ መጥተው «እቺን ደህና አድርገህ ውጋልኝ» አሉኝ። አፏን ገልጬ ባይ ጥርስ የሚባል ነገር የለም። «አባቴ፣ እቺ እኮ አርጅታለች» ብላቸው ተቆጡ። «ምን አገባህ? በየዓመቱ ትወልዳለች!» ወጋኋት። እውነትም ምን አገባኝ።

መሐል ሜዳ ስገባ ጀንበር አልጠለቀችም። ቀጥታ ወደ ቅርጫት ኳሱ ሜዳ። ለልምምድ የመጣው አምስት ሰው ብቻ። ኃይለመስቀል ወገቡን ይዞ ቆሟል፣ ብሩ ብቻውን ይሮጣል። ኳሷ ተንከባላ ከመስመር ስትወጣ አጥሩ ጋ የቆመ አንድ ረጅም ልጅ አነሳትና እዚያው ከቆመበት ወረወራት። ቅርጫቱን ሳትነካ ገባች።

ኅዳር 11

ልጁ ቢሮ ድረስ መጣ። ምንይሉ ይባላል። ከእንስሳት ክሊኒኩ ጀርባ የምትኖረው የዘነቡ ልጅ። አሥረኛን ጨርሶ ቁጭ ብሏል። «ጋሼ አባይነህ፣ ከእናንተ ጋር ልጫወት ብዬ ነው» አለኝ መሬት መሬቱን እያየ። ከእኔ በአንድ ራስ ይበልጣል። ለዘንድሮ እግዜር ሰጠን አልኩ በልቤ።

ከዚያ ደግሞ... የት ቦታ ነው የሚጫወተው? የእኔ ቦታ ላይ አይደለም እንዴ?

ኅዳር 12

ሚካኤል። የጽዋ ማኅበራችን የዋለው ኃይለ ኢየሱስ ቤት። ጥሩ ጠላ ነበር።

የልጁን ነገር አነሳሁ። «ለኳሱ ብቻ ቢገባስ?» አልኳቸው። ኃይለመስቀል ቡድኑን ስንመሠርት ጀምሮ የማኅበራችን ሙሴ፣ አለቃችን ነው፤ እሱ ሳይናገር ሌላው አይናገርም። «ከጽዋችን ያልቀመሰ ማልያችንን ሊለብስ?» አለ።

«ጽዋውንም ይቅመሳ» አለ ብሩ።

«አሥራ ሁለት ነን። አሥራ ሦስተኛ ሐዋርያ ሰምተህ ታውቃለህ? ቦታ ሲለቀቅ ይገባል።»

ቦታ የሚለቀቀው ደግሞ ሰው ሲሞት ነው። ብሩ ራሱ የገባው ወንድሙ ሲያርፍ ነው። አንገቱን ደፋ። የቀሩት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አምበል ነኝ፤ አንድ ቃል ብጨምር ይሰሙኝ ነበር። አልጨመርኩም። እዚህ ማን ያየኛል፣ እውነቱን ልጻፈው፤ እምቢ ሲሉ ቅልል አለኝ።

ኅዳር 13

ለምንይሉ ነገርኩት። «እሺ ጋሼ» አለና ሄደ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 9

ምንይሉ ሞላሌ አክስቱ ቤት ገብቷል አሉ። እዚያ የወጣቶች ቡድን አለ፣ ሃያ ዓመት የሞላው የላቸውም። የሞላሌ ቡድን እኛን አሸንፎ አያውቅም። ኃይለመስቀል «መጀመሪያ ጢም ያብቅሉ» ብሎ አሳቀን።

ጥር 1

ሞላሌ ቀየትን በሃያ ነጥብ ረታ። ቀየትን? በሃያ? ወሬውን ያመጣው ብሩ ነው፤ እዚያው ነበርኩ ይላል። ካስገቡት ግማሹ የምንይሉ ነው አለኝ። ለምን እኔን እያየ እንደሚናገር አልገባኝም። ገብቶኛል እንጂ።

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት፣ ዛሬ ሚካኤል። እግሬ ዝሏል። ማኅበሩ አልቆ ጽዋው ወደ እኔ ቤት መጣ። ጽዋው በሄደበት ኳሷም ትሄዳለች፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ጠጄ ግድግዳው ላይ ያለውን ችንካር ለኳሷ ለቀቀችላት። ጽዋውን ከራስጌ አኖርን።

«እንግዲህ እስከ የካቲት ሚካኤል ተረኛው አንተ ነህ» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«የሞላሌው ጨዋታም በአንተ ወር ሆነ ማለት ነው።»

«ሆነ።»

«በዚህ ጉልበትህ?»

ወጣት ሳለን ለደጋሹ ክብር ብለን ያወጣነው ሕግ ነው፤ የወሩ ተረኛ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ይጫወታል፣ የሚያስወጣው የለም። ኃይለ ኢየሱስ አንድ ጊዜ ወባ ይዞት እየተንቀጠቀጠ ተጫውቶ አሸንፈናል። ያኔ እንዴት እንደሳቅን! ሃያ አምስት ዓመታችን ነበር...

ዘንድሮ ከሞላሌ ጋር ሦስት ጨዋታ ነው። ሁለቱን ያሸነፈ ከፋሲካ በኋላ ለሚሌኒየሙ ውድድር ደብረ ብርሃን ይወርዳል። እኛ ደብረ ብርሃን ስንት ጊዜ ሄደን ስንት ጊዜ ተሸንፈን ተመለስን! አንድ ጨዋታ እንኳ አላሸነፍንም። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ከዘንድሮ ወዲያ አልሮጥም። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጨዋታ እዚያ አሸንፌ በጣርማ በር እየዘፈንኩ መመለስ ነው የምፈልገው። ሌላ ነገር ከእግዜር አልለመንኩም።

ጥር 19

አሸነፍን! 41 ለ 38። በእኛው ሜዳ።

ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ። እኛ ቆመን እንጠብቃቸዋለን። ኃይለመስቀል በዳሌው እየገፋ አንዱን ልጅ ሊያስለቅሰው ነበር። ምንይሉን እኔ ያዝኩት። ማልያውን በጣቴ ያዝ፣ ለቀቅ... ዳኛው አላየም፣ ወይ አይቶ አልፎናል። ልጁ አንድም ጊዜ አላጉረመረመም። ሲያልቅ ዞር ብሎ እጅ ነሳኝ።

ጥር 20

ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ጠጄ ጉልበቴን በቅቤ አሸችው። «ሽማግሌዬ» ትለኛለች፣ ድሮም ትለኛለች፤ ዛሬ ግን አልሳቀችም።

ጥር 26

ሞላሌ። 30 ለ 52።

ምን እጽፋለሁ? ሚኒባሱ ውስጥ ኃይለመስቀል «ንፋሱ ነው» አለ አንድ ጊዜ። ንፋስ አልነበረም።

ጥር 29

ብሩ ቤት መጣ። ጠጄ ዳቦ ብታቀርብለት አልነካም። ወደ ኳሷ አንጋጦ ቆየና፣

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ምንይሉን ለእኔ ተውልኝ» አለ።

«ተረኛ አይወጣም።»

«አውቃለሁ። ማን ያስወጣሃል? አንተው ካልወጣህ በቀር።»

ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ከመካከላችን ትንሹ። እግር አለው። ልክ ነው የሚለው፣ መች ጠፋኝ? «ሕግ ነው» ብቻ አልኩት። እሱም «ይሁን» ብሎ ተነሳ።

እሱ ከሄደ ወዲህ ጠጄ እቃ ታጋጫለች። ሰምታለች።

የካቲት 3

ዛሬ አልጽፍም።

የካቲት 4

ልጻፈው ይውጣልኝ።

ከተማው በሙሉ ወጥቶ ነበር። መስመሩን በአመድ አሰመርነው። እስከ ዕረፍት በሰባት ነጥብ መራን። አዎ፣ በሰባት! ኃይለመስቀል ውኃ እየጠጣ «ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ጋቢ ያዙ» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ቁጭ ብዬ መነሳት እንዴት እንደምችል እያሰብኩ ነበር። ጉልበቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይንቋቋል።

ከዕረፍት መልስ ልጆቹ ያው ናቸው። እንዳልሮጡ ሁሉ ይሮጣሉ። ምንይሉ አንድ አስገባ፣ ሁለት አስገባ። ሦስተኛውን ሲያስገባ እኔ ገና ከሜዳው አጋማሽ አልደረስኩም። ሰባቱ አምስት ሆነ፣ አምስቱ ሦስት፣ ሦስቱ አንድ።

ያኔ ብሩ ከተቀያሪዎቹ መሐል ተነሳ። ጃኬቱን አወለቀ። መስመሩ ዳር ቆሞ አየኝ። አልጠራኝም፣ እጁን አላነሳም፤ ዝም ብሎ አየኝ። ከኋላው ኃይለመስቀልም አየኝ። ሕጉን የሚያነሳ ሙሴ ቢኖር እሱ ነበር፣ እሱም እኔን ይጠብቃል። አሥራ አንዱም ይጠብቁኛል። ማንም «ውጣ» ሊለኝ አይችልም። እጄን ማንሳት ብቻ ነበር... አንድ እጅ!

ፊቴን አዞርኩ። ወደ ማዶው ቅርጫት።

ለምን? ሕግ ነው ብዬ አይደለም። ሕጉን እኛው ነን ያወጣነው፣ በቀልድ። ከወጣሁ አልመለስም ብዬ ፈራሁ። ከዚያ መስመር አንድ ጊዜ ካለፍኩ አበቃ። በቃ፣ ይኸው ነው።

በመጨረሻ በአንድ ነጥብ እንመራ ነበር። ኳሷ ምንይሉ እጅ ገባች። ፊት ለፊቱ እኔ ነኝ። በግራ እንደሚሄድ አወቅሁ፣ ትከሻው ነገረኝ። ስንት ዓመት ተጫውቻለሁ፣ እንዴት አላውቅም! አወቅሁና እግሬ አልሄደም። አጠገቤ ሲያልፍ ነፋሱ ብቻ ነካኝ።

43 ለ 44።

ሰው ጮኸ። የእኛ ከተማ ሰው፣ የእኛው ተማሪዎች፣ በእኛው ሜዳ ለሞላሌ ጮኹ። እንዴት አይጮሁ? ልጁም የእኛው ልጅ ነው። እናቱ ዘነቡ እልል ስትል ሰማኋት።

ምንይሉ መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለኝ። እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ! ምን አድርጎ? ቀና ስል ብሩ ጃኬቱን እየለበሰ ነው። ልብሱን ላብ አልነካውም።

ዛሬ ቅበላ ነው። ጠጄ ሥጋ ሠርታ ነበር። አልወረደልኝም።

የካቲት 8

መሥሪያ ቤት ሁሉም «አይዞህ» ይላል። አይዞህ የሚባለው ለምንድን ነው? ሬሳ የወጣበት ቤት እንደገባ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ገላጋይ የሌለው ነገር ነው።

የካቲት 12

ማኅበሩ እኔ ቤት ዋለ። ጾም ነውና ሽሮ፣ ዳቦ፣ ንፍሮ። ጠጄ የቻለችውን ሁሉ አሰናዳች። አሥራ አንዱም መጡ፣ አንድ አልቀረም። ስለ ገብሱ ተወራ። ስለ በልጉ ተወራ። ስለ ማዳበሪያ ተወራ። የኃይለ ኢየሱስ በግ መንታ ወልዳለች፣ ስለ እሷም ረጅም ተወራ። ስለ ኳስ አንድም ሰው አላወራም። አንዱ ቢሰድበኝ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር።

ጸሎት ደረሰ። የሚቀጥለው ተረኛ ብሩ ነው። ጽዋውን በነጠላ ሸፍኖ ተቀበለ፣ ሁሉም ተከትሎት ተነሳ።

«ኳሷስ?» አልኩ።

ቆሙ። ኃይለመስቀል ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ «ለጊዜው እዚሁ ትቀመጥ» አለ። ሌሎቹ «አዎ፣ ለጊዜው» አሉ።

ጽዋውን ይዘው ሄዱ።

የካቲት 24

ቅዳሜ። ከሰዓት ቤት ነበርኩ። የሜዳው ድምፅ እስከዚህ ይሰማል። ለካ ይሰማ ኖሯል።

መጋቢት 12

ብሩ ቤት ሚካኤል።

ለጊዜው ያሉት ወር ሆነው። ደንቡ ደንብ ነው፣ ኳሷ ከጽዋው መለየት የለባትም ብዬ ጋቢዬ ውስጥ ይዣት ሄድኩ። በመንገድ ሰው እንዳያያት በክንዴ ደፈንኳት፤ የተሰረቀ ነገር ይመስል። ከመግባቴ በፊት ብሩን ደጅ ላይ አገኘሁት። ገለጥ አድርጌ አሳየሁት። ቀላ።

«ጋሼ... ልነግርህ ነበር። ሞላሌዎች ለደብረ ብርሃኑ ውድድር ጠርተውኛል። ሰው ጎድሏቸዋል። ምንይሉ ነው ስሜን የሰጠው።»

«እና?»

«አንተ ካልፈቀድክ አልሄድም። አምበሌ ነህ።»

«ሂድ» አልኩት። ወዲያው። እንዲህ ቀላል ኖሯል? አንድ ቃል ነው። ያን ዕለት አንዲት እጅ ብቻ ነበረች... «ሂድ፣ ተጫወት። ይችንም ውሰዳት።»

አንገቱን ነቀነቀ። «አዲስ አላቸው ጋሼ። ሁለት።»

ገባን። ጠላ ቀመስን፣ ስለ በልጉ ተወራ። ኳሷ ጋቢዬ ውስጥ ጭኔ ላይ ነበረች። ኃይለመስቀል አጠገቤ ነበር፣ አውቋል። ዳቦ ቆርሶ ሰጠኝ ብቻ።

ቤት ስመለስ ጠጄ አየችኝ። «መልሰህ አመጣሃት?»

«አመጣኋት።»

ችንካሩ ላይ ሽንኩርት ሰቅላበታለች። ላውርደው ብላ ተነሳች። ተይው አልኳት። ኳሷን በአውራ ጣቴ ጫን ባደርጋት ገባ አለች፣ አየሯ ወጥቷል። አልጋ ሥር አስገባኋት።

ነገ ቀየት ክትባት አለ፣ ከነገ ወዲያም። ሥራ ሞልቷል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም።