ነጩን ወረቀት የያዝሽበት ፎቶ

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሰሊሆም፣

እንደምን ከርመሻል? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ለአርባ ምንጭ ልጅ ሙቀት ብርቅ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እዚያ ሐይቅ የለም ብዬ ነው። እኛ ደህና ነን። የጓሯችንን ማንጎ ዘንድሮም ጦጣ ቀደመን። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ግን ያኔውኑ ይሻላታል።

ጥር ላይ በሰርግሽ አዳራሽ የሚሰቀል የልጅነት ፎቶ እንደምትፈልጊ ነግራኛለች። «አባዬ ያልነካው ይሁን» ማለትሽን ልትደብቀኝ ሞክራ ነበር፤ ግን ሠላሳ ዓመት የሰው ፊት ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ከፊቷ አነበብኩት። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው። ሆኖም መፈለግ ጀመርኩ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ፎቶ ኮምፒውተር ውስጥ እንደገባ መጀመሪያ የማደርገው ፊት ማቅላት ነው። ደንበኛው «ጋሼ፣ ትንሽ ቀላ አድርገኝ» ሳይለኝ አቅልቼ እጠብቀዋለሁ። ዲስኩ እንዳይሞላ ደግሞ የተስተካከለውን በዋናው ላይ ነው የማስቀምጠው፤ የመጀመሪያው ይጠፋል። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ፤ በገዛ ልጄም ላይ ያንኑ አደረግኩ። የልደትሽ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙርሽ፣ የምረቃሽ፣ አንዱንም አላስቀረሁም። ሁሉም ላይ የሌላ ሰው ልጅ ናት ያለችው።

የምረቃሽን ፎቶ በፎቶ ቤቱ ደጅ መስታወት ላይ የሰቀልኩ ቀን፣ «አባዬ፣ አፈርክብኝ እንዴ?» አልሽኝ። «ሥራ ነው» አልኩሽ። ይኸው ሦስት ዓመት፣ ሰላምታሽ የሚደርሰኝ በእናትሽ በኩል ነው።

ባለፈው ሳምንት ከዶርዜ በለጥሽ የምትባል ሴት መጣች። ባሏ ካሱ፣ ሸማኔው፣ አርፎባታል። ያላት ፎቶ ከስድስት ዓመት በፊት እኔ ጋ ለመታወቂያ የተነሳው ብቻ ስለሆነ አሳድጌ ሰጠኋት። ረጅም ጊዜ አየችውና፣ «መልከ መልካም ነው፣ ጋሼ። የኔ ሰውዬ ግን የት አለ?» አለችኝ።

ዋናው ጠፍቷል ማለት እንዴት ከበደኝ! ወንበር ስቤ ከጎኔ አስቀመጥኳትና ቀለሙን ወደ ኋላ መመለስ ጀመርኩ። «አጥቁረው» ትለኛለች፤ አጠቁራለሁ። «አሁን አመድ መሰለ። እሱ ከውስጡ ቀይ ነገር አለው» አለችኝ፤ ቀይ ጨመርኩ። በመጨረሻ የራሷን እጅ ስክሪኑ ላይ ከፊቱ አጠገብ አደረገች። «ሃያ ዓመት ጥጥ ስፈትልለት እጄ ከእጁ አጠገብ ነበር። ልዩነቱን አውቀዋለሁ» አለች። ትንሽ ስነካው «ተው! እዚህ ላይ ተው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ስሙን ጠርታ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ደንበኛ ፊት አልቅሼ አላውቅም።

እሷ ስትሄድ የምረቃ ፎቶሽን ከፍቼ የራሴን እጅ ስክሪኑ ላይ አደረግኩ። መልክሽን ከኔ ስለወሰድሽ ቀላል መስሎኝ ነበር። ባጠቁረውም ባቀላውም አንቺ አልመጣሽም። በለጥሽ የባሏን መልክ ስታየው ኖራለች፤ እኔ ያንቺን ሳርመው ነው የኖርኩት። አዎ ልጄ፣ አፍሬ ነበር። ያፈርኩት በራሴ መልክ ነው፤ በልጅነቴ «ጥቁሩ» እያሉ የሳቁብኝ ሰዎች አንቺንም እንዳይነኩሽ ልሰውርሽ ፈለግኩ። ቀድሜ የነካሁሽ ግን እኔ ሆንኩ። ይቅር በይኝ።

ትናንት የድሮ ካሜራዬን ቦርሳ ሳራግፍ አንድ ሚሞሪ ካርድ ወደቀ። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ በርጩማው ላይ አስቀምጬሽ መብራት እሞክርብሽ እንደነበር ትዝ ይልሻል? ቀለሙ ልክ እንዲመጣ ነጭ ወረቀት በአገጭሽ ሥር አስይዝሽ ነበር። የመሞከሪያ ፎቶ ማንም ስለማይገዛው እኔም አልነካሁትም። አንዱ ላይ ሰባት ዓመትሽ ነው። የዩኒፎርምሽ ኮሌታ ተጣሟል፣ የፊት ጥርስሽ ወልቋል፣ ወረቀቱን ይዘሽ በኔ ትስቂያለሽ። ወረቀቱ ነጭ ነው፤ ፊትሽም ያንቺ ነው።

አጥቤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። በስልክ ያልላክሁት ስልክም የራሱን ቀለም ስለሚጨምር ነው። እንዳልዋሽሽ፣ ከማጠቤ በፊት እጄ ግንባርሽን ሊያቀላ ሄዶ ነበር። እናትሽ ከኋላዬ ቆማ ኖሮ «ኤርጫፎ!» ብላ በስሜ ጠራችኝ። ተውኩት።

ለሰርግሽ ሌላ ፎቶ አንሺ መያዝሽን ሰምቻለሁ፤ ጥሩ አድርገሻል። ከፈቀድሽልኝ እኔ ካሜራዬን ቤት ትቼ ልምጣ። የክብር ቦታ አልፈልግም፤ አንቺን በዓይኔ የማይበት ወንበር ይበቃኛል።

የሰላም አምላክ ትዳርሽን ይባርክ፤ ቤትሽን በሳቅ ይሙላው። ልጆችሽ በማንም ይውጡ በማን፣ እንዳሉ የሚያያቸው አያት ይስጣቸው።

አባትሽ
ኤርጫፎ